ሞራ ያልሆነው ሞራ

ስማቸው ሰውን የሚያሳስት በሽታዎች አሉ። የዓይን ሞራ አንዱ ነው።

ሞራ ማለት በግ ሲታረድ በሆድ ዕቃው ላይ ተዘርግቶ የሚገኘው ስስ ነጭ ስብ ነው። ድሮ ሞራ ገላጮች ዘርግተው መጪውን ጊዜ ያነቡበት የነበረው እሱ ነው። የቀድሞ ሰዎች በሽማግሌ ዓይን ብሌን ውስጥ ነጭ ነገር ሲያዩ ያ ስብ ትዝ አላቸውና ስሙን አወጡለት። ማመሳሰሉ ያምራል። ጣጣው ስሙ መድኃኒቱንም አብሮ የሚጠቁም መምሰሉ ነው። ሞራ ከሆነ ከላይ የተጋረደ ነው፤ ከላይ ከተጋረደ ይገፈፋል፤ ካልተገፈፈም በጠብታ ይሟሟል። ስብ አይደል?

አይደለም። የዓይን ሞራ ስብ አይደለም፤ ከውጭ የመጣ ባዕድ ነገርም አይደለም። ሰውየው በእናቱ ማኅፀን ሳለ መሠራት የጀመረ፣ ዕድሜ ልኩን ብርሃን ሲያስገባለት የኖረ የራሱ ፕሮቲን ነው። ተበላሽቶ ነው ነጭ የሆነው። ይህን ማወቅ ለባዮሎጂ ፈተና ብቻ የሚጠቅም ሊመስል ይችላል። ከቦሌ እስከ አያት ባሉት ቤቶች ውስጥ ስንት እናቶችና አባቶች በዚህ አንድ ቃል ምክንያት ዓመታትን በጭጋግ ውስጥ ተቀምጠው እንደሚያሳልፉ ያየ ሰው ግን እንደዚያ አይልም።

*

ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። እናት ከደጀን መጥተው ከልጃቸው ጋር መኖር ከጀመሩ ሰባት ዓመት አልፏቸዋል። ዕድሜያቸውን በትክክል የሚያውቅ የለም። እሳቸው "ጣሊያን በወጣ በዓመቱ ነው የተወለድኩት" ይላሉ፤ መታወቂያቸው ላይ ያለው ዓመት የቀበሌ ጸሐፊ የገመተው ነው።

ከአራት ዓመት በፊት እኒህ እናት ተአምር የሚመስል ነገር ገጠማቸው። መርፌ ላይ ክር ለማስገባት የልጅ ልጅ ሲጠሩ የኖሩት ሴት፣ አንድ ቀን ያለ መነጽር ክሩን አስገቡት። ምስር ሲለቅሙም ጠጠሩ ፈጥኖ ይታያቸው ጀመር። ቤቱ በእልልታ ተሞላ። ቨርጂኒያ ያለችው ሴት ልጃቸው ተደወለላትና "የእማዬ ዓይን ተመለሰላት" ተባለች።

የበሽታው የመጀመሪያ ምልክት እሱ ነበር። በዓይን ሌንስ መሐል ያሉት ፕሮቲኖች እየተጠቀጠቁ ሲሄዱ ሌንሱ ብርሃንን ከበፊቱ አብልጦ ያጥፋል። በዚህ ጊዜ የቅርቡ ይጠራል፣ የሩቁ ይደበዝዛል። ሐኪሞች "ሁለተኛ ዕይታ" የሚሉት ነገር ነው። ለጥቂት ጊዜ ይቆይና ያልፋል፤ ከዚያ የቅርቡም አብሮ ይጨልማል።

የጨለመው ቀስ ብሎ ስለነበር ማንም አልነቃም። እናትም አልተናገሩም። ቡናውን በመዓዛውና በሚንጣጣበት ድምፅ ይቆሉታል፤ ስኒው መሙላቱንም በድምፁ ያውቁታል። ደረጃውን በቁጥር ይወርዱታል። የልጅ ልጆቻቸውን በኮቴያቸው ይለያሉ። ማታ መውጣት አቆሙ፤ ከፊት የሚመጣ የመኪና መብራት ዓይናቸው ውስጥ ገብቶ እንደ ጭጋግ ይበተንባቸዋል። ለቦሌ መድኃኔዓለም ንግሥ "እንሂድ" ሲባሉ "ጉልበቴን አሞኛል" አሉ። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። ቀስ በቀስ የጠፋ አገርም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ የወጣው በጎመን ነው። ከሕንጻው ሥር ጎመን ከምትሸጠው ልጅ ገዝተው ሦስት የአሥር ብር ኖት የሰጡ መሰላቸው፤ አንዱ መቶ ነበር። ልጅቷ ሦስት ፎቅ ወጥታ ገንዘቡን መለሰች። "እማማ እንዲህ ሲያደርጉ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው" አለችው ልጅየውን፤ "ዓይናቸውን አሳዩአቸው እንጂ!"

*

የቤተሰብ ምክክር ተደረገ። አራት ሐሳብ ወጣ።

ታላቅ ወንድም፦ "እርጅና ነው። ከዕድሜ ጋር ምን ትግል አለ?"

የቨርጂኒያዋ እህት በስልክ፦ "ሞራ የሚያሟሟ ጠብታ ኢንተርኔት ላይ አይቻለሁ። በሚመጣ ሰው እልካለሁ።"

ጎረቤት፦ "ገና ነው። ሳይበስል አይነካም። ይብሰል።"

እናት ራሳቸው፦ "ለእኔ ብላችሁ ገንዘብ አታባክኑ። ያየሁት ይበቃኛል።"

አራቱም በፍቅር የተባሉ ናቸው። በዚህ ከተማ በየቤቱ የሚባሉትም እነዚሁ አራት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ግን ስለዚያ ፕሮቲን ካለማወቅ የመጡ ናቸው። አራተኛው የተለየ ነው፤ በቦታው ይመጣል። መጀመሪያ ፕሮቲኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

*

ስሙ ክሪስታሊን ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ከመወለድ በፊት ነው።

ፅንሱ ገና የአንድ ወር ገደማ ሳለ፣ ከአንጎሉ ወደ ጎን የወጣ ጉብታ ከላይ ያለውን ስስ ሽፋን ይጠጋዋል። ሽፋኑ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ይልና ተቆርጦ ትንሽ ኳስ ይሆናል። ሌንስ የሚሆነው ያ ኳስ ነው። ይህን ሥራ ከሚመሩት ዋነኛው ፓክስ 6 የሚባል ፕሮቲን ሲሆን፣ ሙያው ሌሎች ጂኖችን ማብራትና ማጥፋት ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ ቫልተር ጌሪንግ የሚመራው ቡድን የዚህን ፕሮቲን ጂን በትንሽ ዝንብ እግርና ክንፍ ላይ እንዲሠራ ቢያደርገው፣ በእግርና በክንፏ ላይ ዓይን በቀለ። ከአይጥ የተወሰደው ጂን ለዝንቧ ሲሰጣትም ሠራ፤ የበቀለው ግን የዝንብ ዓይን ነበር። ዓይን እንዲሠራ የሚታዘዝበት ቃል ከዝንብ እስከ ሰው አንድ ነው ለማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ የሌንሱ ህዋሶች የሚያደርጉት ነገር እንግዳ ነው። ክሪስታሊንን እስኪጠግቡ ያመርቱና፣ ኒውክለሳቸውን ጨምሮ ብርሃን የሚያግድ ዕቃቸውን ሁሉ ያፈርሳሉ። ሌንሱ የደም ሥርም የለውም። ይህ ሁሉ የሚሆነው ብርሃን ያለ እንቅፋት እንዲያልፍ ነው። ዋጋው ደግሞ ከባድ ነው፤ ኒውክለስ የሌለው ህዋስ የተበላሸ ፕሮቲንን በአዲስ መተካት አይችልም። ቆዳ ይታደሳል፣ ደም ይታደሳል። በሌንሱ እምብርት ያለው ክሪስታሊን ግን ያው ነው። የሰማንያ ዓመት ሰው ዛሬም የሚያየው በእናቱ ማኅፀን በተሠራ ፕሮቲን ውስጥ በሚያልፍ ብርሃን ነው።

ይህ ለአነጋገር ያህል የተባለ አይደለም፤ ተለክቷል። በ2008 እ.ኤ.አ. የዴንማርክ ተመራማሪዎች ከሟቾች ሌንስ በተወሰደ ክሪስታሊን ውስጥ ያለውን ካርቦን 14 መርምረው፣ ሰዎቹ የተወለዱበትን ዘመን ከዚያ ማስላት እንደሚቻል አሳዩ። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዚሁ መንገድ የግሪንላንድ ሻርኮች ዕድሜ ተሰላ፤ ከመካከላቸው ትልቋ ቢያንስ 272 ዓመት ሳትኖር እንዳልቀረች ተነገረ። የሰሚቷ እናት የልደት ዓመት በመታወቂያው ላይ ግምት ነው። ከተወለዱበት ጊዜ የቀረ ነገር ግን ዓይናቸው ውስጥ አለ።

ከሌንሱ ክብደት ሲሶ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ አብዛኛው ክሪስታሊን። ይህን ያህል ፕሮቲን በአንድ ቦታ ታጭቆ ጥርት ያለ መስተዋት መምሰሉ ነው የሚደንቀው። ዋና ዋናዎቹ ክሪስታሊኖች አልፋ፣ ቤታና ጋማ ይባላሉ። ሦስቱም ብርሃኑን ያጥፋሉ። አልፋ ግን ተጨማሪ ሥራ አለው፤ እንደ ሰፈር ሽማግሌ ነው። ሌላ ፕሮቲን ቅርጹ ሊፈታ ሲል ይይዘዋል፤ ከጎረቤቱ ጋር እንዳይጣበቅ መሐል ይገባል። ዓመታት በሄዱ ቁጥር ግን የሚያዘው እየበዛ፣ ያልተያዘው ሽማግሌ እያነሰ ይመጣል። ተተኪ አይላክም።

ከዚያ የሚሆነውን ለማየት ወጥ ቤት መግባት ይበቃል። ዕንቁላል ሲሰበር "ነጩ" የሚባለው ክፍል በእርግጥ ነጭ አይደለም፤ ውሃ የመሰለ ነው። ትኩስ ዘይት ሲነካው ይነጣል። እንዲነጣ የተጨመረበት ቀለም የለም። ያው ፕሮቲን ነው፤ ሙቀቱ እጥፋቱን ፈታው፣ የተፈታው እርስ በርሱ ተጣበቀ፣ የተጣበቀው ጉብጉብ ብርሃኑን በተነው። በዓይን ውስጥ እሳት የለም። ሰማንያ ዓመት ግን አለ፤ ፀሐይ አለ፤ ለአንዳንዱም የስኳር በሽታ አለ። መንገዱ ቢለያይም መጨረሻው ይመሳሰላል፤ ጥርት ያለው ነገር ነጭ ይሆናል።

*

አሁን ወደ ሦስቱ ሐሳቦች።

ጠብታው። የተጠበሰ ዕንቁላል ላይ ጠብታ አንጠባጥቦ ወደ ጥሬነት የመለሰ ሰው የለም። ሳይንስ ሳይሞክር ቀርቶ አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. ላኖስቴሮል የተባለ ነገር የውሻን ሞራ እንደቀነሰ የሚገልጽ ጥናት "ኔቸር" በተባለው ታዋቂ መጽሔት ላይ ወጥቶ ዓለም ጉድ ብሎ ነበር። በኋላ ከሰው ዓይን በወጡ ሌንሶች ላይ የተሞከረው ግን ያንን ውጤት አልደገመም። እስካሁን የሰውን የዓይን ሞራ በማጥራቱ የተረጋገጠ ጠብታ የለም። ኢንተርኔት ላይ የሚሸጠው ግን ብዙ ነው፤ በቦሌ ኤርፖርት በኩል በሻንጣ የሚገባውም እንዲሁ።

ይባስ ብሎ አንዳንድ ጠብታ ሞራን ያመጣል። ዓይን ሲያሳክክና ሲቀላ ከመድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛው፣ ዴክሳሜታዞንና መሰል ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ማሳከኩን ቶሎ ስለሚያስታግስ ይወደዳል። ለወራት ሲደጋገም ግን በወጣት ዓይን ውስጥ እንኳ ሞራ ሊያስከትል፣ የዓይን ግፊትንም ሊጨምር ይችላል። አቧራ በበዛበት ሰሞን ዓይኑ ለሚያሳክከው ልጅ ያንኑ ብልቃጥ ደጋግሞ መግዛት ቀላል ነገር አይደለም።

እርጅናው። ታላቅ ወንድም ግማሽ እውነት ተናግሯል። ክሪስታሊን በዕድሜ ይጎዳል። ነገር ግን ብቻውን ዕድሜ አይደለም፤ የስኳር በሽታ፣ ሲጋራና የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ያፈጥኑታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይህ ጨረር ይበረታል። ባርኔጣና ጨረር የሚከላከል ጥሩ መነጽር በዚህ ከተማ የዘመናይ ጌጥ ብቻ ሊባል አይገባውም። ደግሞስ እርጅና ቢሆን? ጥርስ በእርጅና ሲወልቅ ጥርስ ይተከላል። ጉልበት ሲደክም ምርኩዝ ይገዛል። ዓይን ላይ ሲደርስ "እርጅና ነው" የሚለው ቃል ምርመራ መሆኑ ቀርቶ ፍርድ ይሆናል።

"ይብሰል" የሚለው ከሁሉም አደገኛው ነው። የሚያሳዝነው አንድ ወቅት ትክክለኛ ምክር መሆኑ ነው። በድሮው ቀዶ ሕክምና ሌንሱ በትልቅ ቀዳዳ ይወጣ ነበር፤ የሚተካ ነገር ስለሌለም ታካሚው ቀሪ ዘመኑን ወፍራም መነጽር ያደርግ ነበር። ስለዚህ ሐኪሙም ሰው ፈጽሞ ማየት እስኪያቅተው ቢጠብቅ ምክንያት ነበረው። ምክሩ ከሐኪም ቤት ወጥቶ ሰፈር ገባ። ሐኪም ቤቱ ተወው፤ ሰፈሩ አልተወውም።

ዛሬ መጠበቅ ኪሳራ ነው። ሌንሱ በቆየ ቁጥር ይጠነክራል፤ ሥራው ይከብዳል። ከመጠን በላይ ሲቆይ ደግሞ ውስጡ ይፈሳል፤ የሟሟው ፕሮቲን ከሌንሱ ከረጢት ሾልኮ ይወጣል። ሰውነት ይህን ፕሮቲን ለማጽዳት የሚልካቸው ህዋሶች ያንን በልተው ያብጡና የዓይን ፈሳሽ የሚወርድበትን ማጣሪያ ይደፍኑታል። ግፊቱ ይወጣል፤ ዓይኑ ይቀላል፤ ሕመሙ እንቅልፍ ይነሳል። ቶሎ ካልታከመ የዓይን ነርቭ ይሞታል። ሞራን ማውጣት ይቻላል፤ የሞተ ነርቭን ግን የሚመልስ የለም። ሊድን የሚችለውን ዓይን የማይድን የሚያደርገው እንግዲህ "ይብሰል" ነው።

ለሕፃን ደግሞ መጠበቅ ከዚህም ይከፋል። ከሞራ ጋር የሚወለዱ ልጆች አሉ፤ አንዳንዶቹ የክሪስታሊን ጂናቸው ውስጥ ባለ ስሕተት ምክንያት ነው። የሕፃን አንጎል ማየትን የሚማረው በመጀመሪያዎቹ ወራትና ዓመታት ነው። በዚያ ጊዜ ብርሃን ካልገባ፣ ኋላ ሌንሱ ቢስተካከል እንኳ አንጎሉ ማየትን ሳይማር ይቀራል። በስልክ ፍላሽ ፎቶ ሲነሣ የአንድ ዓይኑ ብሌን ነጭ ሆኖ የሚወጣ ልጅ ካለ፣ "ፎቶው ነው" ተብሎ መታለፍ የለበትም። ሞራ ሊሆን ይችላል፤ ሬቲኖብላስቶማ የሚባለው የሕፃናት የዓይን ካንሰርም ሊሆን ይችላል። እሱም የፕሮቲን ጉዳይ ነው፤ የህዋስን መራባት የሚገታ አርቢ የተባለ ፕሮቲን ሲጠፋ ይመጣል። ነጭ ብሌን ያለው ልጅ በዚያው ሳምንት ሐኪም ሊያየው ይገባል።

*

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? የተበላሸውን ፕሮቲን አውጥቶ ሌላ ሌንስ መተካት። ሌላ መንገድ የለም፤ ደግነቱ ይህ መንገድ ጥሩ ነው።

የመጣበት ታሪክ ደስ ይላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ አብራሪዎች የአውሮፕላናቸው መስኮት ሲሰበር ስብርባሪው ዓይናቸው ውስጥ ይቀር ነበር። ሃሮልድ ሪድሊ የሚባል የለንደን ሐኪም፣ የዚያ መስኮት ፕላስቲክ ዓይን ውስጥ ተቀምጦ ዓይኑ እንደማይቆጣ አስተዋለ። በ1949 እ.ኤ.አ. በሴንት ቶማስ ሆስፒታል ከዚሁ ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ሌንስ ሰው ዓይን ውስጥ ተከለ። ባልደረቦቹ ለዓመታት ተቃወሙት፤ ዛሬ ዓለም የሚከተለው እሱን ነው።

ከሪድሊ በኋላ የቀረው ጥያቄ ዋጋ ነበር። እዚህ ላይ ጎረቤት አገር ትነሣለች። ፍሬድ ሆሎውስ የተባለው አውስትራሊያዊ የዓይን ሐኪም ድሃ አገር የራሱን ሌንስ መሥራት ይችላል ብሎ ተሟገተ። በ1993 እ.ኤ.አ. አረፈ፤ በተከታዩ ዓመት ግን በስሙ የተሰየመ የሌንስ ፋብሪካ አስመራ ውስጥ ተከፈተ። በካትማንዱም እንዲሁ። የሌንስ ዋጋ የወረደው እንደነዚህ ባሉ ሥራዎች ነው። ለሀብታም ብቻ የነበረው ነገር በዘመቻ በነጻ እስከ መሰጠት የደረሰውም በዚሁ ነው።

አንድ ሌላ ስጋትም መልስ ይፈልጋል። "የማን ዓይን ሊደረግልኝ ነው?" የሚሉ አዛውንቶች አሉ። የሌላ ሰው ዓይን የሚያስፈልገው ለኮርኒያ ነው፤ ኮርኒያ ከፊት ያለው መስኮት ነው። እሱም የፕሮቲን ሥራ ነው። ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን በእኩል ርቀት ሲደረደር ጥርት ያለ ኮርኒያ ይሆናል፤ ያው ኮላጅን በተዘበራረቀ መልኩ ሲጠላለፍ ነጩ የዓይን ክፍል ይሆናል። አንድ ዓይነት ጡብ፣ በአደራደሩ ብቻ መስኮትም ግድግዳም ሆነ። በ1995 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ከሞቱ በኋላ በፈቃደኝነት የሚለገስ ኮርኒያ የሚሰበስበው ለዚህ ነው። ለሞራ ግን የማንም ዓይን አይጠየቅም።

የሰሚቷ እናት ቀዶ ሕክምና ከአንድ ቡና አልረዘመም፤ ሦስተኛው ሳይወርድ አለቀ። ዓይናቸው በማደንዘዣ ደነዘዘ፤ ሰዉን ሁሉ ይሰሙ ነበር። ሐኪሙ አስቀድሞ የዓይን ግፊታቸውንና ስኳራቸውን ለካ። ይህ የሚደረገው ማየት የሚነሳ ሁሉ ሞራ ስላልሆነ ነው። ግላኮማ ሳያምም ሳይነጣ ነርቭ ይበላል፤ የስኳር በሽታ ሬቲናን ያደማል። እነዚህን ሳይለይ "ሞራ ነው" የሚል ጎረቤት ሐኪም ሊሆን አይችልም። እናት ስለ ጠበላቸው ጠየቁ። "እማማ፣ ጠበሉን ማን ከለከለዎ?" አላቸው ሐኪሙ፤ "እኔ እስክፈቅድልዎ ድረስ ብቻ ውሃ ዓይንዎ ውስጥ እንዳይገባ።"

*

አሁን አራተኛው ሐሳብ። "ያየሁት ይበቃኛል።"

ይህን የሚመልስ ፕሮቲን የለም። እናት ይህን ያሉት ማየት ስላልፈለጉ አይደለም፤ ሸክም ላለመሆን ነው። የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የታክሲው ሰልፍ ሲወራ ቁጭ ብለው ይሰማሉ። በጆሯቸው ሒሳቡን ይሠሩታል። ከዚያ የራሳቸውን ዓይን ከዝርዝሩ ራሳቸው ይሰርዙታል። ልጆች ደግሞ ይህን እንደ ፈቃድ ይወስዱታል። "እሷ ራሷ አልፈልግም አለች" ይባላል።

ጉዳዩ የገንዘብ ሆኖ የሚከብደው ቤተሰብ አለ፤ ያ እውነት ነው፤ ለእሱ የመንግሥት ሆስፒታልና የነጻ ዘመቻ ተራ መጠበቅ የግድ ነው። ነገር ግን በዚህ በምሥራቁ የከተማችን ክፍል ስንት ቤት ነው ለተዝካር ድንኳን ሲተክል "ለእሷ ያንሳታል?" የሚለው? ለሞተች እናት ያልተሳሳ እጅ በሕይወት ላለችው ዓይን ለምን ይሳሳል?

በ1998 ዓ.ም. ገደማ በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያዊ 1.6ቱ ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ ውስጥ 49.9 በመቶው በሞራ ምክንያት ነበር። በትራኮማ ጠባሳ የታወረው 11.5 በመቶ ነው። ከዓይነ ስውሩ ግማሽ ያህሉ፣ መድኃኒቱ በሚታወቅ፣ ሊመለስ በሚችል ነገር ጨለማ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። አብዛኛው የአገሪቱ የዓይን ሐኪም ያለው ደግሞ አዲስ አበባ ነው። በገጠር ለምትኖር እናት ሐኪሙ የቀናት መንገድ ሊሆን ይችላል። ለሰሚቷ እናት ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሁለት ታክሲ ነው፤ በቦሌና በአካባቢው ያሉት የግል የዓይን ክሊኒኮች ከዚያም ይቀርባሉ። እዚህ ሆኖ አለመታከም የርቀት ጉዳይ አይደለም።

በማግስቱ ማሸጊያው ሲነሣ እናት አላለቀሱም፤ እልልም አላሉም። በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩና "ይሄ ሁሉ ፎቅ መቼ ተሠራ?" አሉ። ቡናማ ነው ሲሉት የነበረው የነጠላቸው ጥለት ሰማያዊ መሆኑን አወቁ፤ ያረጀ ሌንስ ከቀለም ሁሉ አስቀድሞ ሰማያዊን ነው የሚያጠፋው። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ብዙ አዩት። "ሸብተሃል እኮ ልጄ" አሉት። አብሯቸው በሚኖርበት ቤት፣ ልጃቸው ሲሸብት አላዩም ነበር።

*

ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ይህችን ነገር አድርጉ። እናታችሁን ወይም አባታችሁን ብርሃን ባለበት አስቀምጡ። አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው እንዲሸፍኑ ጠይቁ፤ ከሦስት ሜትር ርቀት ጣት አሳዩና ያስቆጥሯቸው፤ ከዚያ በሌላው ዓይን ድገሙት። አንዱ ዓይን ለሌላው እየሸፈነለት ሊኖር ስለሚችል ሁለቱን ለየብቻ ማየቱ አይቅር። የመኪና መብራት ይበተንባቸው እንደሆነ ጠይቁ። በቅርቡ ያለ መነጽር ማየት ጀምረው ከሆነ አትደሰቱ፤ ጠይቁ። የብር ኖት መለየት ይቸግራቸው እንደሆነ ከእነሱ ይልቅ ከታች ያለችው ጎመን ሻጭ ታውቃለች፤ እሷንም ጠይቁ።

ጣቱን በትክክል ቢቆጥሩም ምርመራው አይቅር፤ ግላኮማ በዚህ አይታወቅም። ከተሳሳቱ ደግሞ "ያየሁት ይበቃኛል" ማለታቸው አይቀርም። እሺ አትበሏቸው። ቀጠሮ ያዙ።